ሁለቴ የጠፋው የአኳሪየም አትክልቴ በሦስተኛው እንዴት በቀለ

ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ፣ 45 ሊትር የምትይዝ ትንሽ አኳሪየም አለች። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያትና "ፕላስቲክ ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም። ሁሉም ሕያው ተክል ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ አፍርሼ እንደገና ጀምሬያለሁ። አሥራ አንድ ዓሣ ሞቶብኛል፣ ሁሉም በእኔ ጥፋት። ልጄ ከአንዴም ሁለቴ አልቅሳለች። እናንተ ገና እያሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም ጀምራችሁ ቅጠሉ እየሟሸሸ ግራ ከገባችሁ፣ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ሰባተኛ ዓመት ልደት ነው። ዓሣ ፈለገች። አንድ መስታወት ሠሪ ርዝመቱ 50፣ ስፋቱና ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሠራልኝ። ሲሊኮኑ እስኪደርቅና የአቼቶ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት አስቀመጥኩት። ይህን እንኳ በትክክል አድርጌያለሁ። ማስቀመጫውንም አስቡበት። ውሃው ብቻ 45 ኪሎ ነው፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር ቀላል የኮምፔርሳቶ መደርደሪያ አይችለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስህተት ነበር። ትልቁ ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረጌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሸዋ አጥቤ አስገባሁ። ከቧንቧ በቀጥታ ውሃ ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ተክልና ዘጠኝ ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ገዝቼ መጣሁ። ማታ ልጄ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስታይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማክሰኞ ውሃው አጓት መሰለ። ሐሙስ ሁለት ዓሣ ሞተው አገኘሁ። ደንግጬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት። የፊልተሩንም (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን ቧንቧ ሥር አጠብኩት። ንጽሕና የጎደለ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሞቱ።

ተክሎቹም አብረው ይሄዱ ጀመር። አራት ዓይነት ገዝቼ ነበር። አንዱ ነጭና አረንጓዴ መስመር ያለው ሸንበቆ የሚመስል ነገር ነው። ሻጩ የውሃ ተክል ነው ብሎኛል። እውነቱ ግን ድራሴና የሚባል የቤት ውስጥ ተክል ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ አየር ላይ ከሆነ ይኖራል። ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ግን ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ስትገዙ ቅጠሉን ዳስሱት። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ግንዱም ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ተጠራጠሩ። አኑቢያስን የመሰሉ ቅጠለ ጠንካሮች አሉና ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቢሆንም ጥያቄ እንድትጠይቁ ያደርጋል።

ሁለተኛውን ተክል፣ አኑቢያሱን፣ ደግሞ ሌላ ስህተት ገደለው። ይህ ተክል የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ጠባዩም በወንዝ ዳር ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቆ መኖር ነው። አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው። ቅጠሉ ከላይ፣ ሥሩ ከሥር ይወጣል። እኔ እንደ ጎመን ችግኝ ግንዱን አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግንዱ ለስልሶ ሸተተ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባለው ተክል ግንዳቸው አይቀበርም። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ታስራላችሁ፣ አለቀ። ሥሩ ራሱ ይጨብጣል።

ሦስተኛው ክሪፕቶኮርን ነበር። እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸ። በየጠዋቱ እየነቀልኩ ሥሩን አያለሁ፣ መልሼ እተክለዋለሁ። አንድ ቀን ቀኝ፣ በነጋታው ግራ። በመጨረሻ "ሞቷል" ብዬ ጣልኩት። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አልሞተም ነበር። ብዙዎቹ የአኳሪየም ተክሎች በችግኝ ጣቢያ ሲፈሉ ቅጠላቸው ከውሃ በላይ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው የሚያድገው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ያ የአየር ቅጠል ይረግፋል። ተክሉ ሥሩ ላይ ባለው ስንቅ አዲስ የውሃ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮርን ደግሞ ቦታ ወይም ውሃ ሲለወጥበት ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ይጥላል። እኔ በየቀኑ ስነቅለው በየቀኑ እንደ አዲስ እንዲጀምር እያደረግኩት ነበር።

አራተኛው ቀይ ነገር ነበር፣ ስሙንም አላስታውስም። ቀይ ተክል ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ለጀማሪ አይሆንም።

ሁለተኛውን ዙር የጀመርኩት አንድ ወር ሳይሞላ ነው። የተረፉት አራት ዓሣዎች ነበሩ፣ ሁለት ጨመርኩ። "ባለፈው ብርሃን አንሷቸው ነው" ብዬ ስለደመደምኩ ገንዳውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ከላይም መብራት ሰቀልኩ። ጠዋት ስንነሳ ይበራል፣ ማታ ስንተኛ ይጠፋል። ቢያንስ አሥራ አራት ሰዓት። በሁለት ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መሰለ። ቅጠሎቹ ላይ ፀጉር የመሰለ አልጌ በቀለ። እፍቃለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ይሆናል፣ ትርፉን አልጌ ይበላዋል። አዲስ ገንዳ ላይ በቀን ስድስት ሰዓት ብርሃን ይበቃል። ተክሉ ማደግ ሲጀምር ወደ ሰባት፣ ስምንት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ቀጥታ ፀሐይ ከሚያገኝ መስኮት አርቁት። መብራቱን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ያለው ማከፋፈያ ገበያ ላይ አለ። እኔ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው።

አሁን የምናገረው በጣም የከበደኝን ነው። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። "ምግብ አንሷቸዋል" አልኩ። በረንዳ ላይ ላሉት አበቦቼ የምጠቀምበት ዩሪያ ነበረኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ ወስጄ ውሃ ውስጥ በተንኩ። ልጄ "እማዬ ምንድን ነው?" ስትለኝ "የአትክልቱ መድኃኒት ነው" አልኳት።

በነጋታው ማታ ስድስቱም ዓሣዎች ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቀልቶ ነበር። እኔ አየር ያነሳቸው መስሎኝ የአየር ፓምፑን ጨመርኩ። ሲነጋ ሁሉም ሞተዋል። ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ አየቻቸውና "መድኃኒት ነው ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። ዩሪያም ሆነ ዳፕ ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል። ዳፕም ውስጡ አሞኒየም አለበት። አሞኒያ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ለእርሻ መሬት የተሠራ ነገር ለ45 ሊትር ውሃ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ገንዳውን አጥቤ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ሁለት ወር ያህል እዚያው ተቀመጠ። ልሸጠው ነበር። አንድ ቀን ምድር ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "ያ የዓሣ ገንዳሽ ምን ሆኖ ነው በረንዳ ላይ የወጣው?" አሉኝ። ለካ እሳቸው ለብዙ ዓመታት ዓሣ ሲያረቡ ኖረዋል። ቤታቸው አስገብተው የራሳቸውን አሳዩኝ። ያረጀ ገንዳ ነው፣ መስታወቱ ተጭሯል። ውስጡ ግን ጫካ ነው።

ታሪኬን በሙሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና "እንጀራ ትጋግሪያለሽ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እርሾውን ደፍተሽ፣ ቡሃቃውን በረኪና አጥበሽ፣ በነጋታው ልጋግር ብትይ ይሆናል?"

ያኔ ገባኝ። የዓሣ ሽንት፣ የተረፈ ምግብ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሁሉ አሞኒያ ይሆናል። ስፖንጁና አሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ዓሣውን አይጎዳም፣ ለተክሉም ምግብ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። እኔ ገና ሳይሰፍሩ ዘጠኝ ዓሣ አስገባሁ። ቀጥሎ ደግሞ የሰፈሩትን ጥቂቶች ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ አጥቤ ጣልኳቸው። እርሾዬን ነው የደፋሁት።

ጋሼ የራሳቸውን ፊልተር ስፖንጅ አውጥተው ኩባያ ውስጥ ጨመቁት። ቡናማ፣ አተላ የመሰለ ውሃ ወጣ። "እርሾ ይኸውልሽ" አሉኝ። ጤነኛ ዓሣ ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን ለምኑ። ለእሱ ቆሻሻ ነው፣ ለእናንተ የሳምንታት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ዙር እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ አሸዋውን መረመርኩ። ትንሽ የወንዝ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ ታደርጋላችሁ። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ ውሃውንም ማዕድን ያበዛበታል፤ ሌላ ፈልጉ። የእኔ አላወጣም። በወንፊት ነፍቼ፣ ያጠብኩበት ውሃ ጥርት እስኪል ደጋግሜ አጠብኩ። ከፊት አምስት፣ ከኋላ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል አለበስኩ። ውሃውን በባልዲ አሳድሬ፣ ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ሞላሁ። ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ የሚሸጥበት ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ተክሎቹን አሁን በፍላጎቴ ሳይሆን በጠባያቸው መረጥኩ። ጋሼ አንድ እፍኝ ሆርንወርት ሰጡኝ። ሥር የለውም፣ አይተከልም፣ ተንሳፍፎ ያድጋል። ምግቡን በቀጥታ ከውሃው ስለሚመጥ ለአልጌ የሚተርፈውን ይቀንሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ባለውለታ የለም። ከኋላ ቫሊስኔሪያ ተከልኩ። እንደ ሣር ረዥም ቅጠል ያለው ነው፣ እንደ እንጆሪ በአሸዋው ሥር እየሄደ ልጅ ይጥላል። አኑቢያሱን በጥቁር ክር ድንጋይ ላይ አሰርኩት። መሃል ላይ ሁለት ክሪፕቶኮርን አስቀመጥኩ። ሥራቸውን ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር አሳጥሬ፣ ቅጠሉ የሚወጣበት ቦታ ከአሸዋው በላይ እንዲሆን ተጠንቅቄ። ዓሣ የለም። ልጄ "ዓሣ የሌለው አኳሪየም ምን ያደርጋል?" አለች። ስድስት ሳምንት ጠብቂ አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ክሪፕቶኮርኖቹ ሟሸሹ። ልክ እንደ በፊቱ። እጄ ተቁነጠነጠ። ምድር ቤት ወርጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። "የበሰበሰውን ቅጠል በመቀስ ቁረጪ። ሥሩን አትንኪ። ከዚያ እጅሽን አንሺ" አሉኝ። ያልኩትን ሁሉ ከሰማችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ፣ ይህን የጋሼን ቃል ያዙ። ከተከላችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር አትንቀሉ፣ አታዛውሩ።

ቅጠሉን ቆረጥኩ። ሁለት ጉቶ ብቻ ቀረ። አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ሌሊት ለልጄ ውሃ ልቀዳ ተነስቼ በስልኬ ባትሪ ገንዳውን አበራሁ። ከግራው ጉቶ መሃል ቡናማ ነገር ወጥቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። መርፌ የሚያህል፣ እንደ ጧፍ የተጠቀለለ ቅጠል ነው። ጫፉ ላይ አንዲት የአየር ጠብታ አርፋበታለች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለረዥም ጊዜ አየሁት። ጠዋት ልጄን ቀስቅሼ አሳየኋት።

በስድስተኛው ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት የሚለካ መመርመሪያ ጠብታ ተውሼ ለካሁ። ሁለቱም ዜሮ። ሦስት ወንድ ጉፒ አስገባን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሦስት። ወንድ ብቻ ያልኩት ጉፒ በጣም ስለሚራባ ነው። ሴት ከተቀላቀለች በጥቂት ወራት ውስጥ 45 ሊትር አይበቃችሁም። ጎልድ ፊሽ አትግዙ። ለዚህ ገንዳ በጣም ትልቅ ይሆናል፣ ተክሉንም ይቆረጥመዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላ ያነሰ ነው። ስለዚህ የውጭ ቪዲዮ ላይ የምታዩትን የዓሣ ብዛት አትከተሉ፣ ቀንሱ።

እንክብካቤው አሁን ትንሽ ነው። በየሳምንቱ አንድ አራተኛ ያህሉን ውሃ በቀጭን ጎማ ስቤ አወጣለሁ፣ ያደረ ውሃ እተካለሁ። የወጣውን ለበረንዳ አበቦቼ አጠጣለሁ፤ እንደዚያ አምሮባቸው አያውቅም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁለት ጀሪካን ሁልጊዜ ለዚህ ብቻ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ክዳናቸው ክፍት ነው። ሳሙናም በረኪናም ነክቷቸው አያውቅም። የፊልተሩን ስፖንጅ በወር አንዴ አጥባለሁ፣ በቧንቧ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውሃ። ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ምግብ በሳምንት አንዴ እጨምራለሁ። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ብቻ። አዲስ ቅጠል ነጣ ብሎ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ብረት አንሶት ነው። አሮጌ ቅጠል ከተበሳሳ ፖታሲየም ነው የሚጠረጠረው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተክሎቹ ግድ የላቸውም። አንድ ሁለት ቀን ያለ ብርሃን መቆየት ይችላሉ። የሚጎዱት ዓሣውና ባክቴሪያው ናቸው። በጨለማ ተክሉ ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ለዓሣው ምግብ አትስጡ። መብራቱ ለብዙ ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ ፊልተሩ ውስጥ የታቆረው ውሃ ይበላሻል፤ ፊልተሩን መልሳችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቁት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማታ ማታ መብራት ሲሄድ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ልጄ "ዓሣዎቹን አለበስናቸው" ትላለች። ሙቀቱ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ ያ ብቻ ይበቃል።

ተክል ስትገዙ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አብረው ይመጡ ይሆናል። አትደንግጡ። የሞተ ቅጠልና የተረፈ ምግብ ነው የሚበሉት። በጣም ከበዙ ለዓሣው ብዙ እየሰጣችሁ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ሆርንወርትም ቫሊስኔሪያም ሲመቻቸው በፍጥነት ይበዛሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ትቆርጣላችሁ። የቆረጣችሁትን ወንዝ፣ ቦይ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ፣ ሰው ለጌጥ እየወሰደው ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ፣ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ እስካሁን በእጁ እየነቀለው ነው። እኔ የቆረጥኩትን ፀሐይ ላይ አድርቄ አበባ ማሰሮዬ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ጥሩ ብስባሽ ይሆናል።

የተረፈውን ደግሞ እናድላለን። ባለፈው ሳምንት የልጄ የክፍል ጓደኛ እናት ለልጇ አኳሪየም ልትጀምር መሆኑን ነገረችኝ። አንድ ማሰሮ ሙሉ ሆርንወርት፣ ሦስት የቫሊስኔሪያ ልጆችና ከስፖንጁ የጨመቅሁትን ቡናማ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አዘጋጀሁላት። ልጄ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። ጎንበስ ብላ በትላልቅ ፊደል ጻፈችና ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው፦ "ዓሣ እስከ ስድስት ሳምንት አይገባም።"